በቧንቧ ላይ ከውጭ የሚታሰር ተንቀሳቃሽ አልትራሶኒክ ፍሎው ሜትር፦ የቱን እንግዛ? እንዴትስ እንጠቀምበት?

የፓምፕ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። በዚህ መሣሪያ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አትለፉኝ።

በምሠራበት ቦታ ፍሰታቸውን ማወቅ የምንፈልጋቸው አራት መስመሮች አሉ። ቧንቧ መቁረጥ አይታሰብም፤ ሥራው አይቆምልንም። ስለዚህ ከውጭ በቧንቧው ላይ የሚታሰረውን ተንቀሳቃሽ አልትራሶኒክ ፍሎው ሜትር (ፍሰትን በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ) ልንገዛ አስበናል።

መስመሮቹ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ከጋን ንጹሕ ውሃ የሚወስድ ባለ 6 ኢንች የብረት ቧንቧ ነው። ፓምፑ ላይ 120 ሜትር ኩብ በሰዓት የሚል ተጽፏል። ሁለተኛው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ኤችዲፒኢ (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው፤ እሱም ንጹሕ ውሃ ነው የሚሄድበት። ሦስተኛው ዝቃጭ ያለው ፍሳሽ ነው። አራተኛው ባለ 1 ኢንች ስቴይንለስ ሲሆን 85 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ ሙቅ ውሃ ያልፍበታል።

ከመግዛታችን በፊት አንድ ባለሙያ በኪራይ መሣሪያ የመጀመሪያውን መስመር ለክቶልን ነበር። መጀመሪያ 74 አነበበ። ሴንሰሮቹን ነካ ነካ ሲያደርጋቸው 131 ሆነ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መሃል ሲዋዥቅ ዋለ። አለቃችን "ይሄማ ቁማር ነው" ብሎ ግዢውን ሊሰርዘው ነው።

ችግሩ የመሣሪያው ነው ወይስ የአጠቃቀሙ? ለአራቱም የሚሆን አንድ መሣሪያስ ይገኛል?

ሞገድ_ተከታይ

ሰላም ወንድሜ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አራት ነገር ንገረኝ።

ሴንሰሮቹ ከፓምፑ ወይም ከጎሚቶው (ከቧንቧው መታጠፊያ) ምን ያህል ርቀው ነበር የታሰሩት? በቧንቧው አናት ላይ ነው ወይስ በጎን? የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ተለክቶ ነው የገባው ወይስ ከሠንጠረዥ ተወስዶ? ደግሞ ከፍሰቱ ቁጥር ሌላ መሣሪያው ያሳየውን የሲግናል ጥንካሬና የድምፅ ፍጥነት ያየ ሰው ነበር?

የፓምፕ_ጠባቂ

ከፓምፑ በላይ ያለውን ጎሚቶ እንዳለፈ ነው የታሰረው። ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ለእጅ ስለሚመች አናቱ ላይ ነው የተቀመጠው። ቀለሙ አልተፋቀም፣ ጄል ግን ተቀብቷል። ውፍረቱ ከሠንጠረዥ ነው የተወሰደው፣ 7.11 ሚሊ ሜትር። የድምፅ ፍጥነት ያልከውን ያየ ሰው የለም። ሁላችንም ፍሰቱ ላይ ነበር ያፈጠጥነው።

ሞገድ_ተከታይ

እንግዲያው በመሣሪያው አትፍረዱ። እንዲህ ከታሰረ በዓለም ላይ ያለ ምርጡ መሣሪያም ይዋዥቃል። ነገሩ እንዲገባህ ከመሠረቱ ልጀምር።

ትራንዚት ታይም የሚባለው ዓይነት ሁለት ሴንሰሮች አሉት። አንዱ ከፍሰቱ ላይ በኩል፣ ሌላው ከታች በኩል ይታሰራል። ተራ በተራ ድምፅ ይላላካሉ። ከውሃው ጋር የሚሄደው ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል። ከውሃው ተቃራኒ የሚመጣው ይዘገያል። መሣሪያው የጊዜውን ልዩነት ለክቶ የውሃውን ፍጥነት ያሰላል። ፍጥነቱን በቧንቧው የውስጥ ስፋት ያባዛና ፍሰቱን ይነግርሃል።

አሁን የልዩነቱን ትንሽነት ተመልከት። ያንተ ባለ 6 ኢንች ቧንቧ 120 ሜትር ኩብ በሰዓት ቢያሳልፍ ውሃው በሰከንድ 1.8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ድምፁ በውሃው ውስጥ ደርሶ መልስ ለመሄድ ከ200 ማይክሮሰከንድ ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። በሁለቱ አቅጣጫዎች መሃል ያለው ልዩነት ግን 200 ናኖሰከንድ አካባቢ ነው። የጠቅላላው ጊዜ አንድ ሺህኛ ማለት ነው። መሣሪያው ፍሰትህን የሚያወጣው ከዚህች ቅንጣት ነው። የአየር አረፋ፣ የዛገ ግድግዳ፣ በደንብ ያልነካ ሴንሰር፣ ሁሉም ይቺን ያበላሻሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዳይ ቦታ ነው። ከጎሚቶ በኋላ ውሃው ይጠማዘዛል፣ ወደ አንድ ጎንም ያደላል። መሣሪያው የሚያየው ድምፁ ያለፈበትን አንድ መስመር ብቻ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያየውን ለጠቅላላው ቧንቧ ያደርገዋል። የተለመደው ደንብ ከሴንሰሩ በፊት የቧንቧውን ዲያሜትር 10 እጥፍ፣ ከሴንሰሩ በኋላ 5 እጥፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይኑር ይላል። ከፓምፕ ወይም በከፊል ከተከፈተ ቫልቭ በኋላ ግን 10 አይበቃም፤ 20 እና 30 እጥፍ ፈልግ። ላንተ ይሄ ከ3 እስከ 5 ሜትር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጎኑ ነው። በአግድም በተዘረጋ ቧንቧ ላይ ሴንሰር አናት ላይ አይታሰርም። አየር የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ታች ሆዱ ላይም አይታሰርም፤ ደለል ይተኛበታል። የቧንቧውን ክብ እንደ ሰዓት ፊት ብታስበው 3 እና 9 ያሉበት ቦታ ነው ልኩ። የቆመ ቧንቧ ካለህ ውሃው ወደ ላይ የሚወጣበትን ምረጥ። ወደ ታች የሚወርድ ቧንቧ ሙሉ ላይሆን ይችላል። ቧንቧው ሙሉ ካልሆነ መሣሪያው ሙሉ ነው ብሎ ያሰላና አብልጦ ይነግርሃል።

ንጹሕ_ውሃ

ሞገድ_ተከታይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ በቀለሙ ላይ ልጨምር።

ስስ፣ ከብረቱ ጋር በደንብ የተጣበቀ ቀለም ብዙ አያስቸግርም። የተላጠ፣ ያበጠ፣ ድርብርብ ቀለም ግን ከሥሩ አየር አለው። አልትራሳውንድ በአየር ላይ ሲደርስ ይመለሳል፣ አያልፍም። ጄል የምንቀባውም ለዚሁ ነው፤ በሴንሰሩና በቧንቧው መሃል ያለውን አየር ለማስወጣት። ስለዚህ ሴንሰሩ ከሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ በብረት ብሩሽ ፋቁት፣ ብረቱ እስኪታይ። ከዚያ በጨርቅ አድርቁ። ጄሉን በሴንሰሩ ፊት ላይ በአንድ ወፈር ያለ መስመር ቀቡትና ስትጫኑት በጎንና በጎኑ ተገፍቶ ሲወጣ ይታያችሁ። ማሰሪያው ሲጠብቅ ሴንሰሩ መንሸራተት የለበትም። በብየዳ መስመር ላይም አታስቀምጡት።

በውሃ የተሠራ ጄል ለአጭር ልኬት ነው። ቀን ሙሉ ከተተወ ይደርቃል፤ ሲግናሉም አብሮት ይወርዳል። ለረጅም ምዝገባ የሲሊኮን ግሪስ ይሻላል። ለባለ 85 ዲግሪው መስመር ደግሞ ሙቀት የሚችል ግሪስ የግድ ነው።

የቦይለር_ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ከውጭ በሚታሰር ነገር እምነት የለኝም። ትክክለኛ ልኬት የፈለገ ቧንቧውን ቆርጦ ማግኔቲክ ሜትር ያስገባል። የሽያጭ ወረቀቱ ላይ ሲደመር ሲቀነስ 1 በመቶ ይላል፤ ሜዳ ላይ ግን 15 በመቶ ሲስት አይቻለሁ።

ካሊብሬሽን_ላብ

የቦይለር_ሰው፣ ያየኸውን አልጠራጠርም። ግን 15 በመቶው ከየት እንደሚመጣ ብናይ ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ካስገባው ቁጥር ነው የሚመጣው።

የጠያቂውን ሁለተኛ መስመር እንውሰድ። የ110 ሚሊ ሜትር ኤችዲፒኢ በብዙ ውፍረት ይሠራል። ኤስዲአር (የውጭ ዲያሜትሩ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 11 ከሆነ ግድግዳው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውስጥ ዲያሜትሩ 90 ይሆናል። ኤስዲአር 17 ከሆነ ግድግዳው 6.6 ነው፤ ውስጡ 96.8 ይሆናል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። የውስጥ ስፋታቸው ግን በ16 በመቶ ገደማ ይለያያል። አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው መሣሪያው ምንም ሳያጠፋ 16 በመቶ ይስታል። ኤስዲአሩ ቧንቧው ላይ ታትሟል፤ አንብቦ መግባት ነው።

ብረትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቧንቧው አርጅቶ ከውስጥ ከተበላ ወይም ደለል ከያዘ የሠንጠረዡ ቁጥር አይሠራም። የስፋት ስህተት በዲያሜትር ስኩዌር ነው የሚሄደው። በዲያሜትር 1 በመቶ ከሳታችሁ በፍሰት 2 በመቶ ትስታላችሁ። ስለዚህ የውፍረት መለኪያ ጌጅ ከዚህ መሣሪያ ጋር አብሮ መገዛት አለበት ባይ ነኝ። አንዳንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች የውፍረት ሴንሰር አብሮ ይመጣላቸዋል። በዙሪያው አራት ቦታ ለኩና አማካዩን አስገቡ።

የውጭ ዲያሜትርንም በግምት አትመኑ። ሜትር በቧንቧው ዙሪያ አዙሩና ያገኛችሁትን ለ3.1416 አካፍሉ። ባለ 6 ኢንች የብረት ቧንቧ 529 ሚሊ ሜትር ገደማ ዙሪያ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ይህም 168.3 ነው። ከዚህ ከራቀ ወይ ቀለሙ ወፍራም ነው ወይ ቧንቧው የሌላ ስታንዳርድ ነው።

የ1 በመቶው ነገር ውሸት አይደለም። ግን ሁኔታ አለው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ቧንቧ፣ ንጹሕ ፈሳሽ፣ በትክክል የታወቀ ዲያሜትር፣ ደግሞም በቂ ፍጥነት። ብዙ አምራቾች ከ0.3 ሜትር በሰከንድ በላይ ላለ ፍጥነት ነው ቃል የሚገቡት። በደንብ ለሠራ ሰው ሜዳ ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ጥሩ ውጤት ነው እላለሁ። ለሽያጭ ሒሳብ የሚሆን አይደለም። ፓምፕ ለመፈተሽ፣ ሌላ ሜትር ለማመሳከር፣ ውሃ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ግን ከበቂ በላይ ነው።

የቦይለር_ሰው

እሺ፣ የኤስዲአሩ ነገር አሳመነኝ። እኛ ዘንድ የተለካው ቧንቧ ከውስጥ የሲሚንቶ ሽፋን ያለው ነበር። ሽፋኑ እንዳለ የተናገረ ሰው እንኳ አልነበረም።

ካሊብሬሽን_ላብ

እሱ ነው ነገሩ። ሽፋን ካለ የሽፋኑ ዓይነትና ውፍረት በሜኑው ውስጥ ለብቻው ይገባል። ሽፋኑ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ይሠራል። ተለይቶ መሃሉ ክፍተት ከፈጠረ ግን ድምፅ አያልፍም፤ ያንን ቧንቧ በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም። ይህንን ስታገኙ ጊዜ አታጥፉ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሞገድ_ተከታይ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ። ሴንሰር አስራችሁ ስትጨርሱ ፍሰቱን አትዩ። መጀመሪያ የድምፅ ፍጥነቱን እዩ።

ንጹሕ ውሃ ውስጥ ድምፅ በ20 ዲግሪ 1,482 ሜትር በሰከንድ ይጓዛል። በ60 ዲግሪ 1,551 ይደርሳል። 74 ዲግሪ አካባቢ ጣሪያውን ነክቶ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ይሄ የተፈጥሮ ቁጥር ነው፤ ማንም አይከራከረውም። መሣሪያው ደግሞ ድምፁ የወሰደውን ጊዜ እናንተ ካስገባችሁት የቧንቧ ስፋት ጋር አገናዝቦ የራሱን የድምፅ ፍጥነት ያሰላል። የውሃውን ሙቀት ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ዲያሜትሩም፣ የሴንሰሮቹ ርቀትም፣ ሲግናሉም መስመር ይዘዋል ማለት ነው። መሣሪያው 1,390 ወይም 1,620 ካለ ግን ፍሰቱ የቱንም ያህል ቢያምር አትመኑት። አንድ ቦታ ላይ የገባ ስህተት አለ።

አንዳንድ መሣሪያዎች ይህንን በጊዜ ምጣኔ ያሳያሉ፤ የተለካው ጊዜ ከሚጠበቀው ጊዜ ጋር ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራሉ። 100 በመቶ ላይ ሲደርስ ጥሩ ነው። ከ97 እስከ 103 ካለ ይሁን ይባላል። ከዚያ ከወጣ ርቀቱን ወይም የገባውን ቁጥር መርምሩ።

ወንድሜ የፓምፕ_ጠባቂ፣ ያ 74 እና 131 ሲፈራረቁ አንድ ሰው ይህችን ገጽ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይጋለጥ ነበር።

አዲስ_ጀማሪ

ይቅርታ፣ ቪ እና ዜድ የሚባለው አስተሳሰር አልገባኝም። መቼ ነው የቱ?

ንጹሕ_ውሃ

ቪ ሲሆን ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ ጎን ናቸው። ድምፁ ተሻግሮ ተቃራኒውን ግድግዳ ይመታና ይመለሳል። ለማሰር ቀላል ነው፣ በፍሰቱ ጥምዝማዜ የሚመጣውን ስህተትም ይቀንሳል። ለመካከለኛ ቧንቧ መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው። ደብልዩ ደግሞ አራት ጊዜ የሚያሻግር ነው፤ ቧንቧው በጣም ትንሽ ሲሆን ድምፁ በቂ መንገድ እንዲያገኝ።

ዜድ ሲሆን አንዱ ሴንሰር በዚህ ጎን፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ነው። ድምፁ አንዴ ብቻ ይሻገራል። ስለዚህ ሲግናሉ ይበረታል። ቧንቧው ትልቅ ሲሆን፣ ውስጡ ሲዝግ፣ ውሃው ሲቆሽሽ ወደ ዜድ ይኬዳል።

ዜድ ላይ የሚያስቸግረው ተቃራኒውን ነጥብ በትክክል ማግኘት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም። ረጅም ወረቀት ውሰድና ቧንቧውን ዙሪያውን ጠቅልለው። የወረቀቱ ጠርዝ ከራሱ ጋር በትክክል ይግጠም፤ ያኔ ቀጥ ብሎ እንደተጠቀለለ ታውቃለህ። የተገናኘበትን ቦታ አስምርና ፍታው። ከምልክት እስከ ምልክት ያለውን ለሁለት እጠፈው። እጥፋቱ የዙሪያው እኩሌታ ነው። መልሰህ ጠቅልለውና አንደኛውን ሴንሰር ከምልክቱ መስመር ላይ፣ ሁለተኛውን ከእጥፋቱ መስመር ላይ አድርግ። በመሃላቸው ያለውን የርዝመት ርቀት መሣሪያው ራሱ አስልቶ ይሰጥሃል። ርቀቱ ከየትኛው የሴንሰሩ ክፍል እስከ የትኛው እንደሚለካ መመሪያውን አንብብ። ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ የሚሉ አሉ፣ ከምልክት እስከ ምልክት የሚሉም አሉ።

ጥቁር_ጭቃ

ስለ ሦስተኛው መስመር ማንም አልተናገረም። ዝቃጭ ላይ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ልናገር።

ትራንዚት ታይም ድምፁ ከዳር እስከ ዳር እንዲያልፍለት ይፈልጋል። ጠጣሩ ወይም አረፋው ሲበዛ ድምፁ መንገድ ላይ ይበተናል። ዶፕለር ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚሠራው በውሃው ውስጥ ካለ ነገር ላይ ነጥሮ በሚመለስ ድምፅ ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዶፕለር ዕውር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ገደብ ቢያንስ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ጠጣር ወይም አረፋ፣ መጠኑም 100 ማይክሮን አካባቢ የሚል ነው።

የዶፕለር ትክክለኛነት ዝቅ ይላል። የሚያየው ጠጣሩን እንጂ ውሃውን አይደለም፤ በግድግዳው አጠገብ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ብቻ ሊያይም ይችላል። 5 በመቶ ቢስት አትደነቁ። ለዝቃጭ ግን "ፓምፑ እየገፋ ነው? ትናንት ከነበረው ቀንሷል?" ለሚለው ይበቃል።

ፍሳሹ ቀጭን ከሆነ፣ ጠጣሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ በትራንዚት ታይም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ባለው ሴንሰር ሞክሩት። 0.5 ሜጋኸርዝ ከ1 እና ከ2 ሜጋኸርዝ ይልቅ ቆሻሻን ይችላል። ሁለቱንም ዘዴ የያዙ መሣሪያዎችም አሉ። ለአንድ መስመር ብላችሁ ግን ለሁለቱ አትክፈሉ።

ሞገድ_ተከታይ

እስማማለሁ። እንግዲህ ስለ ግዢው። የፓምፕ_ጠባቂ ከሻጭ ጋር ስትነጋገር "ስንት በመቶ ይስታል?" ከሚለው በፊት "ከየትኛው ሴንሰር ጋር?" በል። ሣጥኑ አንድ ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት ሴንሰሮቹ ናቸው። ለባለ 6 ኢንቹና ለኤችዲፒኢው መካከለኛው የ1 ሜጋኸርዝ ጥንድ ይሆናል። ባለ 1 ኢንቹ የራሱ ትንሽ ጥንድ ይፈልጋል፤ ያውም ሙቀት የሚችል። መደበኛ ሴንሰሮች 70 ወይም 90 ዲግሪ ላይ የሚያበቁ ስለሆነ 85 ዲግሪ አፋፍ ላይ ነው። ቀጣዩን ደረጃ ግዛ።

ከዚያ የሲግናሉን ጥንካሬ፣ ጥራትና የድምፅ ፍጥነት በግልጽ የሚያሳይ ይሁን። የሞገዱን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ ከሆነ እሰየው። እነዚህን የሚደብቅ መሣሪያ በነፃ ቢሰጥህም አትውሰድ። መረጃ የሚመዘግብበት ሎገርም ይኑረው፤ የቀን ሙሉ ኩርባ ማየት አንዴ ቆሞ ከማንበብ እጅግ ይሻላል። ባትሪው ሎገሩ እየሠራ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቅ፤ ማያው በርቶ ያለውን አይደለም። ኬብሉንና መሰኪያውን በእጅህ ነካ ነካ አድርገህ እይ። ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ቀድሞ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

ካሊብሬሽን_ላብ

ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው የካሊብሬሽን (ልኩ ከታወቀ መለኪያ ጋር የመመሳከሩ) ምስክር ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ካሊብሬሽኑ በውሃ ፍሰት ላይ የተደረገ ይሁን፤ በኤሌክትሮኒክስ ፍተሻ ብቻ የተሰጠ ወረቀት ብዙ አይናገርም። በአይኤስኦ 17025 (የቤተ ሙከራዎች ብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ዕውቅና ካለው ቤተ ሙከራ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ የሣጥኑም የሴንሰሮቹም ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ። ጥንዶቹ አብረው ነው የተለኩት። አንዱን ከሌላ ጥንድ ጋር ካጋባችሁ ወረቀቱ አይሠራም።

ዜሮ ማድረግንም አትርሱ። ፍሰት በሌለበት ጊዜ መሣሪያው 0.01 ሜትር በሰከንድ ቢያነብ ትንሽ ይመስላል። ውሃው በ2 ሜትር በሰከንድ ሲሄድ የ0.5 በመቶ ስህተት ነው። በ0.1 ሲሄድ ግን 10 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቱ ዝቅ ያለበት መስመር ላይ ዜሮ የግድ ነው። ቧንቧው ሙሉ እንደሆነ ፓምፑን አቁሙ፣ ቫልቮቹን ዝጉ፣ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁና ዜሮ አድርጉ።

የፓምፕ_ጠባቂ

ካሊብሬሽን_ላብ፣ ፓምፑ ካልቆመስ? ቫልቮቻችንም አርጅተዋል፤ ተዘግተውም ያሳልፋሉ።

ካሊብሬሽን_ላብ

የሚያሳልፍ ቫልቭ ላይ ዜሮ ማድረግ ካለማድረግ የከፋ ነው። እውነተኛውን ፍሰት ዜሮ ነው ብለህ ታስተምረዋለህ።

ፓምፑ የማይቆም ከሆነ ሴንሰሮቹን አቀያይር። የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፤ ቦታቸው ሳይለወጥ። ፍሰቱ አሁን በተቃራኒ ምልክት መምጣት አለበት። መጀመሪያ ሲደመር 1.80 ካነበበና ተቀያይሮ ሲቀነስ 1.76 ካነበበ፣ የዜሮው መንሸራተት 0.02 ነው። እውነተኛው ፍጥነት 1.78 ገደማ ይሆናል። ይህ የሚሠራው በሁለቱ ንባቦች መሃል ፍሰቱ ካልተለወጠ ብቻ ነው።

የፓምፕ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ተመለስኩ። መሣሪያውን በድጋሚ ተከራይተን የመጀመሪያውን መስመር እንደነገራችሁን ለካነው።

ከጎሚቶው 4 ሜትር የሚርቅ ቀጥ ያለ ቦታ አገኘን። ጎኑን ፋቅነው። በጌጅ ስንለካ ግድግዳው በሠንጠረዡ 7.11 ሳይሆን በአማካይ 6.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በቪ አሰርነውና ሲግናሉ ደካማ ሆነ፣ ጥራቱም ይወጣ ይወርድ ነበር። ውስጡ ዝጓል መሰለኝ። ወደ ዜድ ሄድን። የወረቀቱ ነገር ሠርቷል፤ እናመሰግናለን ንጹሕ_ውሃ።

ውሃው 23 ዲግሪ ነበር። መሣሪያው የድምፅ ፍጥነቱን 1,487 አለ። ፍሰቱ ደግሞ 109 ሜትር ኩብ በሰዓት ሆኖ እዚያው ረጋ አለ። ከ120ው በታች ነው። አሁን መሣሪያውን ልመን ወይስ ፓምፑን ልጠርጥር?

ሞገድ_ተከታይ

በ23 ዲግሪ የሚጠበቀው 1,491 አካባቢ ነው። ያንተ 1,487 ከዚያ በ0.3 በመቶ ብቻ ነው የሚለየው። በጣም ጥሩ ነው። ውፍረቱ ላይ ያገኛችሁት ለውጥ ብቻ በስፋት 2.4 በመቶ ገደማ ነው፤ ያንን ባትለኩ ፍሰቱ 106 ተብሎ ይነበብ ነበር።

ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው በተጻፈው ግፊት ላይ ነው። ስለዚህ ከ120 ማነሱ ብቻውን ፓምፑ ተበላሽቷል አያሰኝም። የመግቢያና የመውጫ ግፊቱን ለካና ከፓምፑ ኩርባ (በየግፊቱ ስንት እንደሚገፋ ከሚያሳየው የአምራቹ ግራፍ) ጋር አስተያየው።

መሣሪያውን ደግሞ በሌላ መንገድ ፈትሸው። ከጋን ነው የሚወስደው ብለሃል። ጋኑን የሚሞላውን ቧንቧ ለትንሽ ጊዜ መዝጋት ትችላላችሁ?

የፓምፕ_ጠባቂ

ይቻላል። ዛሬ አደረግነው። ጋኑ 5 በ4 ሜትር ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። መግቢያውን ዘግተን በ5 ደቂቃ ውስጥ 45 ሴንቲ ሜትር ወረደ።

ካሊብሬሽን_ላብ

20 ካሬ ሜትር በ0.45 ሲባዛ 9 ሜትር ኩብ ነው። በ5 ደቂቃ 9 ከሆነ በሰዓት 108 ነው። መሣሪያው 109 አለ። ከ1 በመቶ ብዙም ያልራቀ ልዩነት ነው። ከፍታውን በሜትር ስትለኩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትስቱ እንኳ ያው 1 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ ማመሳከሪያ አትፈልግም። መሣሪያው ልክ ነው፤ ለአለቃህ የጋኑን ስሌት አሳየው።

የቦይለር_ሰው

ይሄንን የጋን ፍተሻ እኔም ዘንድ አደርገዋለሁ። ጥሩ ነገር ነው።

ማቀዝቀዣ_ክፍል

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ብዙ ተማርኩበት። እኔ ያለብኝ መስመር ውሃና ግላይኮል (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) የተቀላቀለበት ነው። ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ነው፣ ቀዝቃዛ። የቅልቅሉን መጠን በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። የድምፅ ፍጥነቱን ምን ብዬ ላስገባ? እህታችሁ ነኝ።

ሞገድ_ተከታይ

እህቴ፣ ግላይኮል ሲገባ ድምፅ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ይፈጥናል። በመጀመሪያ 1,600 ብለሽ አስገቢ። መሣሪያው ርቀት ይሰጥሻል፣ እሰሪው። ከዚያ ራሱ የለካውን የድምፅ ፍጥነት ያሳይሻል። ያንን ቁጥር መልሰሽ አስገቢና በአዲሱ ርቀት እንደገና እሰሪ። ያስገባሽው እና የሚለካው እስኪገጣጠሙ ድገሚው፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ይህ የሚሠራው ግን የቧንቧው ውፍረትና ዲያሜትር በእርግጠኝነት የተለካ ከሆነ ነው። አለዚያ የዲያሜትሩን ስህተት በድምፅ ፍጥነት ትሸፍኚዋለሽ።

ካንቺ መስመር ላይ የበለጠ የሚያሳስበኝ ቪስኮሲቲው (የፈሳሹ ዝልግልግነት) ነው። ፈሳሹ ሲወፍር ፍሰቱ ላሚናር (ሳይናወጥ በንብርብር የሚሄድ) ሊሆን ይችላል። ያኔ በቧንቧው መሃል የሚሄደው ፈጣን፣ በዳር የሚሄደው ዘገምተኛ ይሆናል። ድምፁ በመሃል አቋርጦ የሚያየው ፍጥነት ከእውነተኛው አማካይ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። መሣሪያው ይህንን የሚያስተካክለው ያስገባሽውን ቪስኮሲቲ ተጠቅሞ ነው። ውሃ ነው ብለሽ ትተሽው ፈሳሹ 10 ሴንቲስቶክስ (የቪስኮሲቲ መለኪያ) ቢሆንና በ0.5 ሜትር በሰከንድ ቢሄድ ከ20 በመቶ በላይ አብልጦ ይነግርሻል። የድምፅ ፍጥነቱም፣ ሲግናሉም ያማሩ ሆነው ማለት ነው። ይህ ስህተት በእነሱ አይታይም።

ማቀዝቀዣ_ክፍል

ቪስኮሲቲውን ከየት ላምጣ ታዲያ? ቅልቅሉ ካልታወቀ?

ካሊብሬሽን_ላብ

ጠብታ አውጥተሽ በሪፍራክቶሜትር (በብርሃን መታጠፍ ቅልቅልን በሚለካ ትንሽ መሣሪያ) የቅልቅሉን መጠን አንብቢ። ከዚያ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ በመስመሩ ሙቀት ያለውን ቪስኮሲቲ ውሰጂ፤ የክፍሉን ሙቀት ሳይሆን የቧንቧውን። ግላይኮል ሲቀዘቅዝ በጣም ስለሚወፍር በ20 ዲግሪ እና በ0 ዲግሪ ያለው ቁጥር አይገናኝም። መስመሩ በቀን ውስጥ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ አስገብተሽ ለኪና ፍሰቱ ምን ያህል እንደሚለያይ እዪ። ልዩነቱ የማያስጨንቅ ከሆነ አማካዩን ተጠቀሚ። ካስጨነቀ ወይ ፍጥነቱ ከፍ በሚልበት ሰዓት ለኪ፣ ወይ ከዚያው መስመር ላይ ቀጠን ያለ ቧንቧ ፈልጊ።